ሁከት ይወገድልኝ፦ ተጫዋቾች ራሳቸው በሚያስተዳድሯቸው የኦንላይን ከተሞች ውስጥ ስለሚፈጸም ሁከት



የዛሬውን ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያነበቡ አንድ የቀድሞ መምህሬ «የንብረት ሕግ ማስተማር ሰለቸህ እንዴ?» ብለውኛል። አልሰለቸኝም። ዛሬም የምናገረው ስለ ንብረት ሕግ ነው፤ ልዩነቱ ቤቱም አጥሩም መንገዱም በኮምፒውተር ውስጥ መሆናቸው ነው።

ነገሩን የጀመረው የወንድሜ ልጅ ነው። ዕድሜው 14 ነው። ከ11 ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ማይንክራፍት በሚባለው ጨዋታ ውስጥ ለ8 ወር ያህል አንድ ከተማ ሲሠራ ቆየ። ጨዋታውን ለማታውቁ፣ ዓለሙ በሙሉ ከኩብ የተሠራ ነው፤ ተጫዋቹ ኩቡን ይፈነቅላል፣ ይሸከማል፣ ይደረድራል፤ ድንጋዩ ቤት፣ ቤቱ ሰፈር፣ ሰፈሩ ከተማ ይሆናል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ሲገቡ ከተማዋ ነድዳ አገኟት። የገበያው ጣሪያ የለም፤ ከማማው አናት ላይ የተደፋ የቀለጠ ዐለት እስከ አደባባዩ ወርዷል። ልጁ አለቀሰ። እኔ እንደ ሕግ ሰው ወዲያው የጠየቅሁት «ማን ነው ያደረገው?» ብዬ ነበር። እሱ የጠየቀኝ ግን ሌላ ነው፤ «ይመለሳል?» አለኝ። ያኔ ጥያቄው የሕፃን መስሎኝ ነበር። ነገሩን ካጠናሁ በኋላ ግን የተሻለውን ጥያቄ የጠየቀው እሱ እንደሆነ አምኛለሁ።

በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ተጫዋቾች ዘንድ ይህ ድርጊት ግሪፊንግ ይባላል። ዘራፊ ለትርፍ ይሰርቃል፤ ተዋጊ ለድል ይዋጋል፤ ግሪፈር የሚባለው ሰው ግን ከድርጊቱ የሚያተርፈው የተጎጂውን ምሬት ነው። ምሬቱ ከሌለ ደመወዙ የለም። ለዚህ ሰው በአማርኛ «ተንኳሽ» ወይም «ነገር ፈላጊ» ልንለው እንችል ነበር፤ እኔ ግን ድርጊቱን «ሁከት»፣ አድራጊውን «አዋኪ» ማለትን መርጫለሁ። ምክንያት አለኝ።

ተማሪዎቼ እንደሚያስታውሱት፣ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1149 ይዞታው የተነጠቀበት ወይም በይዞታው ላይ ሁከት የተፈጠረበት ሰው ንብረቱ እንዲመለስለት ወይም ሁከቱ እንዲወገድለት፣ ከዚህም ጋር ኪሣራ እንዲከፈለው ለመጠየቅ ያስችለዋል። በየፍርድ ቤቱ «ሁከት ይወገድልኝ» እየተባለ የሚቀርበው ክስ ይህ ነው። የክሱ ጠባይ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ፍርድ ቤቱ በቅድሚያ የሚያጣራው የንብረቱ እውነተኛ ባለቤት ማን እንደሆነ አይደለም፤ ትናንት በእጁ አድርጎት የነበረው ማን ነው፣ ዛሬስ ማን አወከው የሚለውን ነው። ተከሳሹ ለድርጊቱ መብት እንዳለው ወዲያውኑና በማያጠራጥር ሁኔታ ካላስረዳ በቀር ነገሩ መጀመሪያ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ የባለቤትነቱ ክርክር በሌላ መዝገብ ሊቀጥል ይችላል። ከዚያ በፊት ያለው ቁጥር 1148 ደግሞ ባለይዞታው ሁከቱን በራሱ ጉልበት እንዲመክት ይፈቅድለታል፤ ሆኖም ሁኔታው ከሚጠይቀው በላይ ኃይል መጠቀም አይችልም። እነዚህን ሁለት መንገዶች ልብ በሉልኝ፦ በራስ ጉልበት መመከት፣ እና ቅድሚያ ወደ ነበረበት መመለስ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ጨዋታዎቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ማሳሰቢያ። ማፍረስ ሁሉ ሁከት አይደለም። በ2010 የተከፈተውና 2ቢ2ቲ የሚባለው የማይንክራፍት ሰርቨር ደንብ የለውም፤ እዚያ ቤቱ የፈረሰበት ሰው ሲገባ ያውቀው የነበረው ነገር ነው የደረሰበት። ኢቭ ኦንላይን በተባለው የጠፈር ጨዋታም በ2009 ባንድ ኦፍ ብራዘርስ የተባለውን ታላቅ የተጫዋቾች ኅብረት ያፈረሰው የጠላት ጦር አልነበረም፤ ከአመራሩ አንዱ ወደ ተቀናቃኙ ጎራ ተሻግሮ ኅብረቱን ከውስጥ በተነው። ኩባንያው ይህን የጨዋታው አካል አድርጎ ተቀበለው። ስለዚህ ሁከት የሚለካው ነዋሪዎቹ ከገቡበት ውል አንጻር ነው። ውሉ ያልተጻፈበት ቦታ ግን ክርክሩ ማለቂያ የለውም፤ አዋኪውም ይህን ከማንም በላይ ያውቃል።

በራስ ጉልበት የመመከት መንገድ በሰፊው የተሞከረው በአልቲማ ኦንላይን ነው። ኦሪጂን ሲስተምስ የተባለው የቴክሳስ ኩባንያ ይህን ጨዋታ የከፈተው በ1997 ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ዓለም ውስጥ በአንድ ጊዜ ይኖራሉ፤ ቤት ይሠራሉ፤ ቤቶቹ ተጠጋግተው መንደር ይሆናሉ፤ መንደርተኛው ገበያ ያቆማል፣ ዘብ ያወጣል። እነዚህን መንደሮች ኩባንያው አልሠራቸውም፤ ነዋሪዎቹ ናቸው የመሠረቷቸው። ለንብረት ሕግ መምህር ከሁሉ በላይ የሚጥመው ግን የቁልፉ ነገር ነው። በመጀመሪያው ዘመን የቤት ቁልፍ እንደ ማንኛውም ዕቃ በከረጢት የሚያዝ ነገር ነበር። ስለዚህ ይሰረቃል፤ ባለቤቱ ሲገደልም ከአስከሬኑ ላይ ይወሰዳል። ቁልፉ እጁ የገባለት ሰው ሰተት ብሎ ገብቶ ቤቱን ባዶ ያስቀረዋል። ጨዋታው የሚያውቀው ቁልፉን የያዘውን እንጂ ቤቱን የሠራውን አልነበረም።

የጨዋታው መሪ ነዳፊ ራፍ ኮስተር ተጫዋቾቹ ሥርዓታቸውን ራሳቸው ያስከብራሉ የሚል ተስፋ ነበረው። ለዚህም ገዳዮችን በቀለም የሚለይና በራሳቸው ላይ ወሮታ የሚያስቀምጥ ሥርዓት ተዘረጋ። ምን ሆነ? አዋኪዎቹ ሥርዓቱን ራሱን መሣሪያ አደረጉት። ንጹሑን ሰው ሳያውቅ ጥፋት እንዲሠራ ያደርጉታል፤ ለምሳሌ እሱ ወደ አውሬ በወረወረው አስማት ፊት ሆን ብለው ይገቡበታል፤ ወንጀለኛ የሚል ምልክት ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ «በሕጋዊ መንገድ» ይገድሉታል። በአዳራሻችን ያሉ ጠበቆች ፈገግ ሲሉ አያለሁ።

በ2000 ኩባንያው ዓለሙን ለሁለት ከፈለው። ፌሉካ በተባለው ግማሽ አሮጌው ሥርዓት ቀጠለ፤ ትራሜል በተባለው ግማሽ ግን ያለ ፈቃዱ ሰውን ማጥቃት ፈጽሞ የማይቻል ሆነ። አብዛኛው ተጫዋች ወደ ትራሜል ፈለሰ። የድሮ ተጫዋቾች ዛሬም ድረስ ይህ ውሳኔ የጨዋታውን ነፍስ እንዳወጣው ይናገራሉ። እኔ ይህን ትዝታ በጥንቃቄ ነው የምሰማው፤ ባለ ትዝታዎቹ ብዙውን ጊዜ ከከረጢታቸው ቁልፍ የተሰረቀባቸው ሰዎች አይደሉምና። አንድ ነገር ግን እውነት አላቸው። ከተማዋ ሰላም ያገኘችው ነዋሪዎቿ ራሳቸውን ማስተዳደር ስለ ቻሉ ሳይሆን የጥቃቱ ተግባር ከዓለሙ ስለ ተወገደ ነው። ዘቡ ሥራ ፈታ።

ከዚያ በኋላ በ2003 ስታር ዋርስ ጋላክሲስ የተባለው ጨዋታ ሲመጣ የተጫዋች ከተማ በይፋ የተደነገገ ነገር ሆነ፤ የሚመረጥ ከንቲባ፣ ከንቲባው የሚሾመው ሚሊሻ፣ ግብር፣ የቤት ቦታ ፈቃድ፣ ያስቸገረውን ሰው ከከተማው አገልግሎት የማገድ ሥልጣን ሁሉ ነበረው። ጨዋታው በ2011 መጨረሻ ሲዘጋ ከተሞቹም አብረው ጠፉ።

እንዲህ ያለ ድንጋጌ በሌለበት ቦታ ምን እንደሚፈጠር ያሳየው በ2002 መጨረሻ የተከፈተው ዘ ሲምስ ኦንላይን ነው። አልፋቪል በተባለችው ከተማው ውስጥ አዳዲስ ተጫዋቾችን የሚያታልሉና የሚያዋርዱ ቡድኖች በዙ፤ ኩባንያውም ሲጠሩት አይደርስም ነበር። ጥቂት ነዋሪዎች ተሰብስበው ራሳቸውን «የጥላ መንግሥት» ብለው ሰየሙ፤ መረጃ የሚያመጡላቸው ሰዎች ነበሯቸው፤ በአጥፊው ላይ በጅምላ የጠላትነት ምልክት በመለጠፍም ይቀጡ ነበር። ምልክቱን ግን ማፊያ ነን የሚሉትም ቡድኖች ይለጥፉት ነበር። ለተለጠፈበት ሰው ልዩነቱ ምንድን ነው? ይህን ሁሉ በአልፋቪል ሄራልድ ይጽፍ የነበረው ፈላስፋው ፒተር ለድሎ በ2003 መጨረሻ በኩባንያው ከጨዋታው ተባረረ።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው መንገድ ልመለስ። በማይንክራፍት ሰርቨሮች ላይ ኮርፕሮቴክትን የመሰሉ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ይጫናሉ። የሚሠሩት ሥራ የመዝገብ ቤት ሥራ ነው፤ እያንዳንዱ ኩብ በማን እጅና መቼ እንደተተከለ፣ በማን እጅና መቼ እንደተፈነቀለ ይጽፋሉ። አስተዳዳሪው የፈረሰው ግድግዳ ዘንድ ሄዶ ቦታውን ሲነካ ታሪኩ ይወጣለታል። ከዚያም የአንድን ሰው ስም፣ የጊዜውን ርዝመትና የቦታውን ስፋት ሰጥቶ ትእዛዝ ሲያስተላልፍ ያ ሰው በዚያ ሰዓት በዚያ ቦታ ያደረገው ብቻ ተመርጦ ይቀለበሳል። ሌሊቱን ሙሉ የፈረሰው በጥቂት ሰከንድ ይቆማል።

የዚህን ውጤት ከአዋኪው ደመወዝ አንጻር ተመልከቱት። አደባባይ ላይ ስሙን ጠርተን ብናወግዘው፣ ስለ እሱ ሦስት ቀን ብንሰበሰብ፣ ከፍለነዋል ማለት ነው፤ የፈለገው መነጋገሪያ መሆን ነበርና። ጠዋት ሲመጣ ከተማዋ እንደነበረች ቆማ፣ ሰዎች ስለ ሌላ ጉዳይ ሲያወሩ ካገኘ ግን ድካሙ ከንቱ ነው። ቅጣት አያስፈልግም አላልሁም። ቅጣት ከመመለስ በኋላ ሲመጣ ረጋ ብሎ ሊመዘን ይችላል ነው የምለው። ኤሊኖር ኦስትሮም የጋራ ሀብትን ስለሚያስተዳድሩ ማኅበረሰቦች በ1990 ባሳተመችው መጽሐፏ፣ ረጅም ዕድሜ ያገኙት ማኅበረሰቦች ግልጽ ድንበር እንዳላቸውና ቅጣታቸውም ከቀላል ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንደሚከብድ አሳይታለች። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ከቀብር የቀረን አባል በመጀመሪያው ቀን የሚያባርር ዕድር አላውቅም። በማይንክራፍትም ድንበሩ አለ፤ ግሪፍ ፕሪቬንሽን በተባለው ፕሮግራም ተጫዋቹ በወርቅ አካፋ የይዞታውን ማዕዘናት ይከልላል፤ ታውኒ በተባለው ደግሞ መሬቱ በ16 በ16 ኩብ ተሸንሽኖ ለከተማው ይመዘገባል፤ ከንቲባው ለነዋሪው ቦታ ይሰጣል፣ ግብር ይሰበስባል፣ አስቸጋሪውን «ሕገ ወጥ» ብሎ ይፈርጃል።

ነገር ግን መዝገብ የማያየው ብዙ ነገር አለ። ማይንክራፍት ውስጥ ክሪፐር የሚባል ሰው ሲቀርበው የሚፈነዳ ፍጡር አለ። አዋኪው እያባበለ ጎረቤቱ ደጃፍ ድረስ ያመጣውና ዘወር ይላል። መዝገቡ ላይ የሚጻፈው የክሪፐሩ ስም ነው። ከዚህ የሚከፋው የውስጥ ሰው ነው፤ ለወራት አብሮ ሠርቶ፣ ታምኖ፣ የግምጃ ቤቱን ፈቃድ ተቀብሎ አንድ ሌሊት ሁሉንም የሚያወጣ። አጥሩ ለእሱ በር ነው። በአንድ ሰው እጅ ያለ ሙሉ ሥልጣን ሁልጊዜ አደጋ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ታውኒ ላይ ከንቲባው ከተማውን በአንድ ትእዛዝ ሊሰርዘው ይችላል። ግንባታን፣ ግምጃ ቤትን እና ነዋሪ መቀበልን ለተለያዩ ሰዎች መስጠት አሰልቺ ይመስላል፤ ይሁንና ከግንብ የበለጠ ከተማን ያድናል። የመመለሱም ተግባር ራሱ ጣጣ አለው። ጥፋቱ በዘገየ ቁጥር በፍርስራሹ ላይ ሌላ ንጹሕ ሰው ቤት ሠርቶ ሊሆን ይችላል። ሕጋችን የሁከት ክስ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ እንዳይሰማ ማድረጉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በጨዋታ ከተማ ይህ ጊዜ በቀናት መቆጠር አለበት ባይ ነኝ።

ከሁሉ የከበደው ገደብ ግን ኩብን መመለስ ይቻላል፣ የሰውን ክብር ግን አይቻልም የሚለው ነው። ይህን ለማሳየት ወደ ኋላ፣ ሥዕል እንኳ ወደሌለበት ዘመን ልውሰዳችሁ። ላምዳ ሙ በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል ውስጥ ፓቬል ከርቲስ የፈጠረው፣ በጽሑፍ ብቻ የተሠራ ዓለም ነበር፤ ነዋሪዎቹ ክፍሎችን በቃላት ይገነባሉ፣ በቃላት ይገናኛሉ። አስተዳዳሪዎቹ አስማተኞች ይባሉ ነበር። በ1992 መጨረሻ ከርቲስ አስማተኞቹ ከዚያ በኋላ በነዋሪዎች ማኅበራዊ ጠብ ውስጥ እንደማይገቡ፣ የማሽኑን ጤንነት ብቻ እንደሚጠብቁ አወጀ። በሌላ አነጋገር ከተማዋን ለነዋሪዎቿ አስረከበ። ሦስት ወር አካባቢ ቆይቶ፣ በማርች 1993፣ ሚስተር ባንግል የሚባል ገጸ ባሕርይ ሰው በሚሰበሰብበት ሳሎን ውስጥ ሌሎች ነዋሪዎች ያላደረጉትን እንዳደረጉ አስመስሎ የሚጽፍ ፕሮግራም ተጠቅሞ ወሲባዊ ጥቃት የሚያሳይ ጽሑፍ በሁሉም ፊት በስማቸው አወጣ። ጁሊያን ዲቤል የተባለው ጸሐፊ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በቪሌጅ ቮይስ ጋዜጣ የጻፈው ዘገባ ጉዳዩን ለዓለም አስታወቀ።

እዚህ ላይ የሚቀለበስ ኩብ የለም። ጽሑፉ ተነቧል። ተጎጂዎቹ የጠየቁት ሰውየው እንዲወገድ፣ ማለትም ገጸ ባሕርይው ከነመለያው እንዲሰረዝ ነበር። ነዋሪዎቹ ተሰብስበው ለሰዓታት ተከራከሩ፤ ግማሹ ስለ ፍትሕ፣ ግማሹ ስለ ንግግር ነጻነት፣ ሌላው ደግሞ ይህ ሁሉ ቃል ብቻ አይደለም ወይ እያለ። ያለ ውሳኔ ተበተኑ። ከስብሰባው በኋላ አንድ አስማተኛ ለብቻው ትእዛዙን ጻፈና ባንግልን ሰረዘው። ሰውየውም ብዙ ሳይቆይ በሌላ ስም ተመለሰ።

ይህን ታሪክ ለብዙ ዓመታት ስለ ቅጣት ውጤት ማጣት ሳስተምርበት ነበር። አሁን የማየው ሌላ ነገር ነው። ስብሰባው አንድ ውሳኔ ላይ ቢደርስ እንኳ የሚያስፈጽመው እጅ አልነበረውም፤ መሰረዣው በአስማተኞቹ ዘንድ ነበር። ከርቲስ ይህን ተረድቶ ነዋሪዎች አቤቱታ አዘጋጅተው ድምፅ የሚሰጡበትን፣ የድምፁንም ውጤት አስማተኞቹ የሚፈጽሙበትን ሥርዓት ዘረጋ። ለሦስት ዓመት ያህል ተሠራበት። በሜይ 1996 ግን አስማተኞቹ ያለ ማኅበራዊ ውሳኔ ቴክኒካዊ ውሳኔ ብቻ መስጠት እንደማይቻል ገልጸው ሥልጣናቸውን መልሰው ያዙ። በነዋሪዎች የሚተዳደር የምንላት ከተማ ሁሉ የቆመችው እንዲህ ባለ መሬት ላይ ነው፤ ሰርቨሩ የሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ወደ አንድ ጨዋታ ገብተው ከተማ ለመመሥረት ለሚያስቡ ተማሪዎቼ የምመክረው፣ ስለ አጥር ቁመት ከመጨነቃቸው በፊት የመመለሻው ትእዛዝ በማን እጅ እንዳለ፣ ያ ሰው ትእዛዙን ሲጠቀም ማን እንደሚያየው፣ እሱን ራሱን ደግሞ ማን እንደሚጠይቀው በጽሑፍ እንዲያሰፍሩ ነው። ስድብና ማስፈራራት ለደረሰበት ሰው ደግሞ የተለየ በር ያስፈልጋል፤ ፈጣን፣ ተጎጂውን በአደባባይ እንዲያስረዳ የማያስገድድ፣ ቢያንስ ሁለት ሰው የሚፈርምበት።

የወንድሜ ልጅ ከተማ ምን ሆነች የሚል ጥያቄ እንደማይቀርልኝ አውቃለሁ። ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ወጣት መዝገቡን ከፈተና በዚያው ምሽት ከተማዋን መለሳት። ማን እንዳቃጠላትም ታወቀ፤ ቀድሞ የከተማዋ ነዋሪ የነበረ ልጅ ነው። ነገር ግን ያው መዝገብ አንድ ገጽ ወደ ኋላ ሲገለጥ ሌላ ነገር አሳየ። ከቃጠሎው ዘጠኝ ቀን በፊት ከንቲባው፣ ማለትም የእኔው ልጅ፣ ዋናውን መንገድ ለማስፋት የዚያን ልጅ ቤት እስከ መሠረቱ አፍርሶታል። አላስጠነቀቀውም፤ ምትክ ቦታም አልሰጠውም። «ብዙ ጊዜ ስላልገባ የተወው መስሎኝ ነው» አለኝ። የቀድሞ ተማሪዎቼ መካከል በልማት ተነሺዎች ጉዳይ ላይ የምትሠሩ አላችሁ፤ ይህችን ዐረፍተ ነገር ከማን ከማን እንደሰማችኋት እናንተ ታውቃላችሁ።

ቃጠሎው ተቀልብሷል። የፈረሰው ቤት ግን አሁንም መንገድ ነው፤ በላዩ ላይ ሌሎች ልጆች ሁለት ሱቅ ሠርተውበታል። ልጆቹ ባለፈው እሑድ ስለዚህ ተሰብስበው ነበር፤ እኔንም በታዛቢነት ጠርተውኝ ለአንድ ሰዓት ያህል ተቀምጬ ሰማሁ። አልተስማሙም። በሚቀጥለው እሑድ ያ ልጅ ራሱ መጥቶ እንዲናገር ጋብዘውታል፤ የወንድሜ ልጅም እስከዚያው ድረስ የከንቲባነቱን ቁልፍ ለሌላ ሰው አስረክቧል።

ጥያቄ ያላችሁ ወደ ማይክራፎኑ ቀረብ በሉ።